ምዕራፍ አምስት፦ ማታ ላይ የሚነገር

ስለ ዛሬ ወጣትና ስለ ትምህርት በምሥራቅ ጎጃም ሲወራ ወሬው የሚጀመረው በምሬት ነው። ግንደወይንም ይሁን ብቸና፣ ሞጣም ይሁን ደብረ ወርቅ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የደብሩ አስተዳዳሪና የተማሪው አባት የማይስማሙበት ብዙ ነገር ቢኖርም እዚህ ላይ ቃላቸው አንድ ነው፦ «የዘንድሮ ልጅ ትምህርት አይወድም፤ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል፤ ደብተር አይገልጥ፣ ቅዳሴ አያስቀድስ።» ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው። ድሮ ልጅ ጨዋ ነበር፣ ድሮ መምህር ይፈራ ነበር፣ ድሮ ቀለም ይከበር ነበር።

የመጀመሪያውን ቅሬታ በከፊል እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን አይዋጥልኝም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጨዋነት ብቻ ከእናቱ ቤት ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት አይማርም። በፍርሃትም አይማርም፤ የፈራ ልጅ ይሸሻል እንጂ ወደሚፈራው አይገሰግስም። በጎጃም ገጠር ግን ልጆች ከትምህርት ሳይሆን ወደ ትምህርት ሲጠፉ ኖረዋል። አባት ለእርሻ ሲያስበው፣ እናት አትለየኝ ስትል፣ ልጁ ሌሊት ተነሥቶ የሰማው ዝነኛ መምህር ወዳሉበት ደብር ይነጉዳል። እዚያ ምን አግኝቶ ነው? ትምህርት ቤቱና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ዛሬ የሚፈልጉት መልስ ከዚህ ጥያቄ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ በብቸናና በሞጣ መካከል፣ ጤፍና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋማ አገር ላይ። ዙሪያዋ ግን ከእህሉ ይልቅ በሌላ ነገር የታወቀ ነው። በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ አለ። መሐል ላይ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ በኩል ደግሞ መርጡለ ማርያም አሉ። ወደ ምዕራብ ዘለቅ ሲባል በቅኔ ስማቸው የገነነው ጎንጅና ዋሸራ ይገኛሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊ ትምህርት ቢገቡም፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ታሪኩን ያስቀመጡት እዚያው ዲማ ላይ ነው። (በአማርኛ ልቦለድ ከመምህርና ተማሪ ሁሉ የታወቁት በዛብህና ሰብለ ወንጌል መሆናቸውን ልብ ይሏል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው አስተማሪ ሲቀጥሩ ትምህርቱ ይህን ያህል ይጥማታል ብለው አልገመቱም።)

ስለ አብነት ትምህርት የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሁሉንም ደረጃ አንድ አድርጎ ያወድሳል፤ ካልሆነም አንድ አድርጎ ይነቅፋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ንባብ ቤት ሌላ ነው፣ ቅኔ ቤት ሌላ ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። የሚለውን ቃል ትርጉም አያውቅም፤ ሲሳሳት አለንጋ አለ፣ ሲያንቀላፋ ቁንጥጫ አለ። ይህን ክፍል የሚናፍቅ ሰው ካለ የተመታበትን ረስቶታል ማለት ነው። ብዙ ልጆችም ዳዊት ደግመው እዚያው ያቆማሉ፤ የሚቀጥሉት ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅዳሴ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት ይበተናሉ። ወደ ትምህርት የሚጠፋው ልጅ በአብዛኛው የሚጠፋው ወደዚህ ወደ ላይኛው ደረጃ ነው፤ በጎጃም ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደ ቅኔ ቤት።

የቅኔ ቤት ውሎ እንደ ጉባኤው ቢለያይም አካሄዱ አንድ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ግስ ይገሳል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ፤ እነዚህ ስምንቱ አርእስተ ግስ ናቸው፤ የቀረው ግስ ሁሉ በእነሱ ሥር ይረባል። ርባታውን፣ አገባቡን እያጠና ሳለ ግን ሌላ ሥራ ይታዘዛል። የኔታ ቅኔ ይዘርፉለታል፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈቱለታል፤ በማግስቱ እሱም በተራው የራሱን እንዲያመጣ ይጠበቅበታል። አዲስ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ባለ አምስቱ ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱ ሥላሴ፣ ባለ ስምንቱ መወድስ እያለ ይሄዳል። ሁሉንም የቻለ «ሙሉ ቤት ደረሰ» ይባላል።

ቀን ላይ ጎጆዎቹ ጭር ይላሉ። ተማሪዎቹ በየዛፉ ጥላ፣ በየቅጥሩ ጥግ፣ በየወንዙ ዳር ለብቻ ለብቻ ተቀምጠው ቅኔ ይቆጥራሉ። ከሩቅ ላያቸው ሥራ የፈቱ ይመስላሉ፤ አንዱ ጣቱን እያጠፈ ያጉተመትማል፣ አንዱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ደበሎውን ተከናንቦ የተኛ ይመስላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሰብስበው ይመጣሉ። የኔታ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ ተማሪው በተራ እየቀረበ ይነግራል። አዲሱ ልጅ ቀኑን ሙሉ የለፋበትን ሁለት ቤት በፍጥነት ይለዋል፤ ቀስ ብሎ ቢለው የሚበተንበት ይመስለዋል። የኔታ ዝም ይላሉ። «እስቲ ድገመው» ይላሉ። ይደግመዋል። «ጥሩ፤ ባለቤቱ የት ሄደ?» ተማሪው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ልጁ ግስ አምጥቷል፣ ተሳቢ አምጥቷል፤ ማን እንዳደረገው ግን አልተናገረም። የኔታ አንድ ቃል ያስገቡለታል፣ አንዱን ያወጡለታል፣ ቤቱን ይመቱለታል፤ የተቃናውን ይዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ከእሱ በሁለት ዓመት የቀደመ ነው። ዋዜማውን ሲጨርስ ከኋላ «ይበል! ይበል!» የሚል ድምፅ ይነሣል። አዲሱ ልጅ ያን ሌሊት የሚተኛው «ባለቤቱ የት ሄደ?» የሚለው ሳቅና ያ «ይበል» ጆሮው ውስጥ እየተናነቁ ነው።

ይህን ማታ በደንብ ካየነው በውስጡ አራት ነገሮች ተደርበው እናገኛለን። ተማሪው ዕለት ዕለት አንድ ነገር ሠርቶ ያመጣል። የሠራው የራሱ ነው። ያመጣውን ሰው ይሰማዋል። የተሳሳተው በዚያው ቀን ይታረማል። ሁለተኛውን ላስረዳ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ እሱ ነው። ቅኔ አይደገምም። ለዛሬው ማኅሌት ትናንት የተባለው አይባልም፤ የሌላውን ቅኔ የኔ ብሎ የሚናገር ተማሪ ቢኖር ባለቤቱ አጠገቡ ቆሟል፣ የሰሙትም ዙሪያውን ከበውታል። ስለዚህ ቅኔ ቤት ውስጥ ኩረጃ የማይኖረው ተማሪው ቅዱስ ስለሆነ ሳይሆን ለኩረጃ የሚሆን ክፍተት ስለሌለ ነው። ማንም ፈታኝ በወንበሮች መካከል እየተንጎራደደ አይጠብቀውም።

የዘመኑ ምርምር ወደዚሁ ማታ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። አሜሪካኖቹ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቧቸው። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከራሳቸው አእምሮ እንዲያወጡ የተገደዱት በግልጽ በለጡ። የኔታ ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ማታ ማታ ግን ተማሪውን ሲያስነግሩት የሚያደርጉት ይኸንኑ ነበር። ከዓባይ ማዶ ወሎ ውስጥም እንደ ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ደረሳው ከአገሩ ርቆ፣ በኅብረተሰቡ ምጽዋት እየኖረ፣ ዝነኛ ሸህ ፊት ቁጭ ብሎ ተምሯል። ሃይማኖቱ ቢለያይም ልጅን ከቤቱ አውጥቶ የሚያስኬደው ነገር ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ ግን ውዳሴውን ልግታ። የቆሎ ተማሪ ይራባል፤ ይታመማል፤ ቁንጫና እከክ ይበሉታል። ትምህርት እንዲገባኝ ብሎ አብሾ የሚጠጣም ነበር፤ አብሾ ደግሞ መርዛም ተክል ነው፤ ጠጥተው አእምሯቸውን የሳቱ እንዳሉ በየደብሩ ይወራል። ሊቅ የሆነውን አንድ ሰው እንቆጥራለን፤ መንገድ ላይ የቀሩትን ማንም አልቆጠራቸውም። ሴት ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም በሩ አልተከፈተላትም። በቅኔ መምህርነታቸው የታወቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ነበሩ፤ አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ጉባኤው እቤታቸው ነበር። ሰው እሳቸውን የሚጠቅሰው «ሴትም ትችል ነበር» ለማለት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፦ አባታቸው ገበሬ ቢሆኑ ኖሮ ያ ሁሉ ችሎታ ከምድጃ አይወጣም ነበር። ዐይን የማያዩት ሴት በቃል የሚሰጠውን ትምህርት ሙሉ በሙሉ መውሰድ መቻላቸው ስለ ዘዴው ብዙ ይናገራል፤ ሌሎች ሴቶች አለመከተላቸው ደግሞ ስለ በሩ።

እንጀራም ነበረበት። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሰሞን መሬት ነበረው፤ ቅኔና ዜማ የተማረ ልጅ ነገ መሪጌታ ሆኖ ጎጆ እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር። የትምህርቱ ጣዕም ብቻውን አላስኬደውም። ዛሬ የግንደወይን ተማሪ በዲግሪ ተመርቆ እቤት የተቀመጠ ወንድሙን እያየ «ተማር» ሲባል የሚያዛጋው በስንፍና ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤቶች በብዛት ተዘግተዋል፤ ሚሊዮን ልጆች ከክፍል ውጭ ውለዋል፤ ምሥራቅ ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። በር የተዘጋበትን ልጅ «ፍላጎት የለህም» ብሎ መውቀስ ነውር ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በሩ ለተከፈተበት፣ መምህር ለተገኘበት ክፍል ነው።

እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን አለ? የገጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አኗኗር ከቆሎ ተማሪው እንደሚገመተው የራቀ አይደለም። ከተማ ወጥቶ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ስንቁን፣ በሶውንና ሽሮውን፣ በገበያ ቀን ከቤት ያስመጣል፤ ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያጥባል። ችግሩን ችሎ የመጣ ልጅ ነው። እንግዲህ «የዛሬ ልጅ መከራ አይችልም» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ ክፍሉ ከገባ በኋላ ነው። መምህሩ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ደወል ይደወላል። ሌላ መምህር ይገባል፣ ይጽፋል። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ የራሱን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያመርት፣ አንድ ሰው «ባለቤቱ የት ሄደ?» ሳይለው ይመለሳል። ስድስት ሰባት ሰዓት ቁጭ ብሎ የሰማውን ማንም መልሶ አይጠይቀውም፤ የሚጠየቀው በፈተና ሰሞን ነው፤ ያም «ሀ»ን ወይም «ለ»ን ለማክበብ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የቀሩት ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የግንደወይንም ልጅ የአዲስ አበባም ልጅ አንድ ዓይነት ጥሩ ትምህርት ያግኙ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። «ሞክሩት» ይልና ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ያን ዘመን ያለፉ ሰዎች ዛሬም ስለ ፕላዝማ ሲያወሩ ይስቃሉ፤ የሚያስቃቸው ማንም የማይሰማቸው ነገር ፊት ለፊት ተቀምጠው መልስ መስጠታቸው ነው።

የእንግሊዝኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም «ቋንቋው ከበደው» የሚለው ሰበብ ቅኔ ቤት ፊት አይቆምም። ግእዝ የማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። የቅኔ ተማሪው እናትም አባትም አይናገሩትም፣ ገበያ ላይ አይሰማም፣ በሬዲዮ አይመጣም። ሆኖም ልጁ ግሱን መግሰስ በጀመረ ጥቂት ጊዜ ውስጥ በዚያ ቋንቋ የራሱን ሐሳብ ቤት አስመትቶ ይናገራል። እንግሊዝኛን ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይማራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ 12ኛን ሲጨርስ በቋንቋው አንድ አንቀጽ ለመጻፍ የሚያልበው ብዙ ነው። መጽሐፍ ያለው፣ ሰሌዳ ያለው፣ ደመወዝተኛ መምህር ያለው የቱ ነው? ልዩነቱ በሀብት አይደለም። በግእዝ ገና ሁለት ቤት ሳይሞላ እንዲናገር ይገደዳል፤ በእንግሊዝኛ ለአሥራ ሁለት ዓመት እንዲሰማ ይደረጋል። ሳይሳሳት ቋንቋ የተማረ፣ ፊት ለፊት ሳይሳቅበት ባለቤትን ከግስ ማስማማት የለመደ ሰው አላየሁም።

ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር አደባባይ ወጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ የ2014 ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። አገር ደነገጠ። ተማሪው ተወቀሰ፣ መምህሩ ተወቀሰ፣ ሚኒስቴሩ ተወቀሰ። እኔ የማነበው ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ነው፦ ለዓመታት ኩረጃ የሚቻልበት ትምህርት ሠርተን ነበር ማለት ነው። ፈተናው ዘበኛ ሲቆምለት ኩረጃው ቀረ፤ ትምህርቱ ግን ያው ነበር።

ስለ ስልኩ። ወጣቱ ስልክ ላይ የሚያደርገውን ቁጭ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አጭር ቪዲዮ ይሠራል፣ በግጥም ይመላለሳል፣ ዘፈን ላይ የራሱን ቃል ይጨምራል፤ ማታውኑ ስንት ሰው እንደወደደው ያያል፣ የሰደበውንም ያነባል። ሠርቶ ያመጣል፣ የሠራው የራሱ ነው፣ ሰው ይሰማዋል። ከአራቱ ሦስቱ ተሟልተዋል። የጎደለው አራተኛው ነው፤ እርማት የሚሰጥ የኔታ የለም፤ ያለው «ይበል» ባይና ተሳዳቢ ብቻ። ስለዚህ ስልኩ ልጁን ከትምህርት የነጠቀው በጣፋጭነቱ ብቻ አይመስለኝም። ክፍሉ የተወውን ቦታ ነው የያዘው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንመለስ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከ4 እስከ 30 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ስፋቱ ራሱ ጭንቅ ነው። በአንድ አዳራሽ ፊደል የማይለይ ሕፃንና ለማግባት የሚያስብ ጎረምሳ አሉ። ብዙ ቦታ መፍትሔው ስብከት ሆኗል። መምህር ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይናገራል፣ ያስጨበጭባል ወይም ያስለቅሳል፣ ይሄዳል። የሰማው ወጣት በሳምንቱ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ቀልዱን ነው። በየደብሩ ባየኋቸው ሰንበት ትምህርት ቤቶች እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ግን መዝሙር ክፍል ያሉት፣ ድራማና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ያሉት፣ ለሕፃናቱ የሚያስተምሩት፣ ለበዓል ድንኳን የሚተክሉትና ምንጣፍ የሚያነጥፉት ናቸው። መዝሙር ክፍሉን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተሸክመው የሚያቆሙት ሴቶች ናቸው። እዚህ ሥራ አለ፣ ልምምድ አለ፣ እሑድ ጠዋት ምእመናን ፊት የሚቀርብ ነገር አለ። ተመልካች የተደረገው ወጣት ግን ሳምንት ሲመጣ ሳምንት ሲቀር መጨረሻ ላይ ይቀራል።

በዩኒቨርሲቲዎች ያሉት ግቢ ጉባኤያትም ይህንኑ ያሳያሉ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየግቢው የሚያስተባብራቸው እነዚህ ጉባኤያት ተማሪው ራሱ የሚመራቸው ናቸው። ከጎንቻ ወይም ከእነማይ ገጠር የሄደ ልጅ በአገሩ ደብር ከኋላ ቆሞ አስቀድሶ ይመለስ የነበረ፣ ግቢ ጉባኤ ውስጥ መርሐ ግብር መሪ፣ ሒሳብ ያዥ፣ መዝሙር አጥኚ ሆኖ ይገኛል። እምነቱ በአንድ ሴሚስተር አልጨመረም። የሚጠብቀው ሰው ተገኘ እንጂ። ይህ ነገር የሚያስቆጨኝም አለው፦ ያን ልጅ ሥራ ለመስጠት አገሩ ያለው ደብር ለምን ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ጠበቀ?

ከቅኔ ቤት ወጥቶ ይህን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የወሰደ ሰው ጎጃም አላጣችም። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ መጥቶ መምህር ሲሆን ተማሪዎቹን መድረክ ላይ አወጣቸው፤ ቲያትር ጻፈላቸው፣ መዝሙር ደረሰላቸው፣ አሰለጠናቸው። በዘመናችን ቋንቋ «ከመደበኛው ውጭ የሆነ» እንቅስቃሴ ይባል ነበር፤ ለእሱ ግን ይኸው ነበር ትምህርቱ። በአገራችን የቲያትር ታሪክ ትልቅ ድርሻ ያለው ይህ ሰው መድረኩን ያገኘው እቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ተማሪ ፊትም ነው።

ለአንድ የግንደወይን የቋንቋ ወይም የታሪክ መምህር ይህ ሁሉ ምን ይፈይደዋል? ሐቁን እንነጋገር፤ ክፍሉ ውስጥ ስድሳ ተማሪ አለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ደመወዙ ከወር ወር አያደርሰውም። ስድሳ ሰው አያስነግርም። የቅኔ ቤት የኔታም ግን ሁሉን ራሳቸው አያስነግሩም፤ አስነጋሪ አላቸው። ቀድሞ የገባው፣ ደረጃ ያለፈው ተማሪ አዲሶቹን ይሰማል፣ ያርማል፣ ያቃተውን ወደ የኔታ ይወስዳል። ከስድሳው ስድስቱን አስነጋሪ ብናደርግ ለያንዳንዱ ዘጠኝ ልጅ ይደርሰዋል፤ አንድ ልጅ ትናንት ከተማረው ተነሥቶ በራሱ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ዘጠኝ ደቂቃ። የቀረው ክፍለ ጊዜ ለአዲሱ ትምህርት ነው። መምህሩ በዘጠኙ ደቂቃ ስድስቱን አስነጋሪዎች እየዞረ ይሰማል። ሰንበት ትምህርት ቤትም እንዲሁ፦ የአንድ ሰዓት ተኩሉ ስብከት ወደ አርባ ደቂቃ ቢያጥር፣ ባለፈው እሑድ የተሰማውን ወጣቶቹ ለሕፃናቱ መልሰው እንዲያስተምሩ ቢደረግ ሰባኪው አይጎዳም።

«ይህማ አንድ ለአምስት ነው፤ ሞክረነዋል» የሚለኝ መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ቅርጹ ይመሳሰላል። ጎበዙን ተማሪ መሪ አድርጎ ሌሎቹን በሥሩ ማሰለፍ በየትምህርት ቤቱ ታዝዞ ነበር። የወደቀው ግን ቡድኑ ምንም የሚሠራው ስላልነበረ ነው። የሚጠየቀው ስብሰባው መደረጉን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውም ተጻፈ፣ ፊርማው ተፈረመ፣ ሪፖርቱ ወረዳ ደረሰ። ልጆቹ ምን እንደተናገሩ የጠየቀ አልነበረም። በቅኔ ቤት አስነጋሪው ስብሰባ የሚባል የለውም፤ ያለው አንድ ልጅና ያመጣት ሁለት ቤት ናት።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ይሄኛው በቀላሉ የሚፈታ አይደለም። አንድ ለአምስት መሪው የሚመረጠው በሰሚስተር ውጤት ነበር፤ አንዴ ከተመረጠም ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፤ ሌሎቹም «የመምህሩ ልጅ» ይሉታል። አስነጋሪው ግን ትናንት ሲናገር፣ ሲታረምም ሁሉም ሰምተዋል፤ መወድሱን በጆሯቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ ቢያርማቸው ቅር አይላቸውም። በክፍላችን ውስጥ ልጆቹ የእርስ በርሳቸውን ሥራ ሰምተው አያውቁም፤ ማን ምን እንደሚችል የሚያውቁት በካርዱ ላይ ባለው ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ አስነጋሪ ከመሾሙ በፊት መምህሩ ለጥቂት ሳምንታት ሁሉንም ክፍሉ ፊት ማናገር ይኖርበታል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ምዕራፍ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሲቀር ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ዕቅዱን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል።